በፊት በር ወደ ቤተ መንግሥት

እናንተዬ፣ ንጉሥ ቤት ልሄድ ነው። ማን ጠራሽ እንዳትሉኝ፤ የጠራኝ የለም። ዛሬ ንጉሥ ቤት የሚገባው በጥሪ ሳይሆን በትኬት ነው። ትኬት ደግሞ ዘር አይቆጥርም፣ ማዕረግ አይጠይቅም፤ ከፊትሽ ማን ተሰልፏል፣ ከኋላሽስ ማን አለ፣ ይኸው ነው። ይህን የሰማሁ ቀን በሰባ አንድ ዓመቴ አንድ ትክክለኛ ነገር አገኘሁ ብዬ ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ።

አገሩ ሞናኮ ይባላል። ቤተ መንግሥቱ ከሜዲትራኒያን ባሕር በላይ፣ ቋጥኝ ላይ ጉብ ብሏል። አገሩ ራሱ ትንሽ ነው፤ አምጥተው እኛ በምንኖርበት ሄንደርሰን ላይ ቢያሰፍሩት ግሪን ቫሊ የሚባለውን ሰፈር እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም። የልጅ ልጄ ሊዲያ፣ "እማማ፣ ንጉሥ የላቸውም እኮ፣ ፕሪንስ ነው ያላቸው" ትለኛለች። ቤቱ ቤተ መንግሥት እስከሆነ፣ በሩ ላይም ዘብ እስከቆመ ድረስ በማዕረጉ አልከራከርም። አማቼ ግርማ ደግሞ እዚያም ካዚኖ እንዳለ ሰምቶ፣ "ከቬጋስ ተነሥቶ ካዚኖ ወዳለበት መሄድ ወንዝ ተሻግሮ ውኃ መቅዳት ነው" ይላል። ግርማ ታክሲ ነጂ ነው። እሱ ካልነዳው በቀር ሰው ወደየትም ሲሄድ ደስ አይለውም።

ለምን እንዲህ እንደጓጓሁ ልንገራችሁ። የቬጋስ ካዚኖዎች በተደረደሩበት፣ ዘ ስትሪፕ በሚሉት መንገድ ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ክፍል አጽድቻለሁ። ሆቴሉ የተሠራው ቤተ መንግሥት አስመስለው ነው። ዓምድ አለው፣ ወርቅ ቅብ አለው፣ ጣራው ላይ ክንፍ ያበቀሉ ሕፃናት ተሥለዋል። ዓምዱን በጣት ሲያንኳኩት ግን እንደ ባዶ በርሜል ይጮሃል። አንኳኩቼዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አቧራውን የጠረግሁለትን ነገር ሆድ ዕቃ ማወቅ መብቴ ነው።

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን በፊት በር ገብቼ አላውቅም። የሠራተኛው መግቢያ በጀርባ ነው፤ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን፣ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየጮኸ በሚመጣበት። እንግዳው በፊት በር ሲገባ አንዱ በር ይከፍትለታል፣ ሌላው ሻንጣ ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው "እንኳን ደህና መጡ" ይለዋል። እኛን "እንኳን ደህና መጣሽ" የሚለን የመግቢያ ሰዓት የሚመዘግበው ማሽን ነበር፤ እሱም ጢጥ ብሎ ዝም ነው። ጡረታ ስወጣ አንድ ቀን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በፊት በር እገባለሁ እያልሁ ስዝት ኮሮና መጣ። ስትሪፑ ጭር አለ። ለጥቂት ሳምንት ነው ብለው አስወጡን፤ ጥቂቱ ሳምንት ዓመት ሆነ። ስሜ የተጻፈበትን ባጅ እንኳ የጠየቀኝ ስለሌለ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ እንዲህ ቤት ተዘግቶብን ሳለ ነው ሊዲያ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት አገናኝታ የዓለምን ቤተ መንግሥት የምታሳየኝ። አንዱን ዓይተን ወደ ሌላው እንሄዳለን። እኔ ሌላው ሰው ሥዕሉን ሲያይ ወለሉን አያለሁ። "ይሄ እብነ በረድ በሆምጣጤ ተወልውሏል፣ አበላሽተውታል" እላለሁ። የሞናኮውን ሳይ ግን ወለሉን ረሳሁ። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዘቦቹ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሳይመጣ ሌላው አይሄድም፣ የመጣውም አያረፍድም። ሺፍት ማለት እንዲህ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ተተኪዬ ዘግይታ ሁለት ፎቅ ብቻዬን ይዣለሁ።

ከኋላችን ሶፋው ጥግ ላይ ዘውዴ ቁጭ ብላ ታያለች። ዘውዴ የግርማ እናት ናት። ሁለታችንም የምንኖረው በልጆቻችን ቤት ነው፤ እኔ በልጄ በምሕረት፣ እሷ በልጇ በግርማ፤ ቤቱ ግን አንድ ነው፣ ቴሌቪዥኑም አንድ ነው። በክብር ነው የምንጣላው። ፊት ለፊት "እትዬ ዘውዴ፣ እርስዎ" እላታለሁ፣ እሷም "የምሕረት እናት፣ እርስዎ" ትለኛለች። ሰባት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ክፉ ዝምታ ግን ተለዋውጠናል።

አንድ ቀን ብቻ አንድ ወገን ሆነን ነበር። ክትባት ልንወጋ ዋተር ስትሪት አካባቢ ተሰልፈን ሳለ አንድ መነጽራም ሰውዬ ከፊታችን ሰተት ብሎ ገባ። የእኔ እንግሊዝኛ የክፍል ማጽጃ እንግሊዝኛ ነው፤ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ይቅርታ፣ ኋላ እመለሳለሁ። ከእነዚህ መካከል "ይቅርታ"ንና "ኋላ"ን መርጬ፣ እጄንም ጨምሬበት፣ ሰውየውን እስከ ሰልፉ ጭራ ሸኘሁት። ዘውዴ ያን ቀን፣ "እጅዎን ይባርከው" አለችኝ። ቤት ስንገባ ወደ ዝምታችን ተመለስን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በዓመቱ፣ ጡረታ መውጣቴ ቁርጥ ሲሆን፣ ምሕረትና ግርማ ፖስታ ሰጡኝ። ውስጡ ያለውን ሊዲያ አነበበችልኝ፤ የሞናኮ ጉዞ ለሁለት ሰው፣ ቤተ መንግሥቱ ለጎብኚ በሩን ሲከፍት። ለሁለት ሰው ያሉት ብቻዬን ብላክ ከዘቡ ጋር እንደምጣላ ስለሚያውቁ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጫማ ገዛሁ፤ ቤት ውስጥ እያደረግሁ ማለማመድ ጀመርኩ። ግን ወዲያው አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

"ሊዲያ፣ ሰውየው እዚያው ቤት ውስጥ ይኖራል?"

"ማን? ፕሪንሱ? የስ፣ የሚኖርበት ክፍል ግን አያሳዩም።"

"ታዲያ ምን ይዘን ነው የምንሄደው?"

"ፓስፖርት። ስልክ። ማስክ።"

"ለባለቤቱ ነው የምልሽ።"

"እማማ፣ ትኬት ገዝተን እኮ ነው የምንገባው።"

"ትኬቱ ለበረኛው ነው። የሰው ቤት፣ ያውም ንጉሥ ቤት፣ ያለ እጅ መንሻ ይገባል?"

ማር እንውሰድ አልሁ፤ ማር አውሮፕላን ላይ ፈሳሽ ነው አለች። ቅቤ አልሁ፤ እሱም ይቀልጣል አለች። ዘውዴ ከሶፋው ጥግ፣ "በርበሬ ነው እንጂ፤ እኔ የማዘጋጀው በርበሬ የትም አያሳፍርም" አለች። በርበሬ የያዘ ሰው ንጉሥ ደጅ ቢገኝ ምን እንደሚባል አስቡት። "እትዬ ዘውዴ፣ እርስዎ የሚሄዱ ይመስል" አልኳት። አልመለሰችልኝም። ያ ዝምታ ከሁሉም የከፋው እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ሁለተኛዋ ሰው ማን ትሁን የሚለው ጥያቄ ቤቱን ገበያ አደረገው። ምሕረት በየማለዳው ቁርስ አልጋዬ ድረስ ታመጣልኝ ጀመር። ግርማ ያለ ጥሪ ሐኪም ቤት ያደርሰኛል፤ ቀጠሮ በሌለኝ ቀን ጭምር። ሊዲያ እግሬን ታሻለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ያለው ሊዲያ ጋ ነው። አብራኝ ያየች እሷ፣ ፈረንሳይኛ ትንሽ የተማረች እሷ። ግን ሊዲያን ነው የምፈልገው ብል የልጄን ፊት በምን አየዋለሁ? ስለዚህ "በዕጣ ይሁን" አልኩ። እኔ የተናገርኩት ዕጣ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

እዚህ ቬጋስ በፋሲካ ሰሞን ከከተማ ወጣ ካለ እርሻ በሬ ገዝተን ቅርጫ እንካፈላለን። ሥጋውን የምመድበው እኔ ነኝ። ሽንጡን፣ ሻኛውን፣ ጎድኑን፣ ጉበቱን በዓይኔ መዝኜ እደለድለዋለሁ፤ ሚዛን አምጥተው ፈትነውኝ አፍረው ያውቃሉ። ከዚያ ሁሉም ከኪሱ አንድ ዕቃ ያወጣል፤ ቁልፍ ይሁን፣ ቀለበት ይሁን፣ ሳንቲም። የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ዕቃህ ያረፈበት ድርሻህ ነው። አጥንት በዛብኝ ብሎ ማጉረምረም የለም። ያጭበረበረ ከተገኘ ደግሞ ድርሻው ይወረሳል፤ ይህ የእኔ ሕግ ነው። አንድ ዓመት አንድ ሰው ዕጣ ጣዩን በዓይኑ ሲጠቅስ ያዝሁት። ያን ፋሲካ ዶሮ በላ።

አሁን የምነግራችሁን እያፈርሁ ነው። ዕጣው በሚጣልበት ቀን ጠዋት ሊዲያን ጋራዥ ውስጥ ጠራኋት።

"ያን የፀጉር መያዣሽን ለዕጣው ስጪ። ትልቁን።"

"የትኛውን? ይሄ ሸርጣን የሚመስለውን?"

"እሱን።"

"ለምን? ቀለበቴን ልሰጥ ነበር።"

"ቀለበት ይጠፋብሻል።"

ልጅቱ የዋህ ናት፤ አመነችኝ። የፀጉር መያዣው የእጄን መዳፍ ያህላል። ቆብ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ማጭበርበር አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ዕጣውን መርዳት ነው።

ሳሎን ተሰበሰብን። የግርማን የክረምት ቆብ ጠረጴዛ ላይ ደፍቼ አራገፍሁና ገለበጥሁት። ምሕረት ቀለበቷን ጣለች፣ ግርማ የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ጣለ፣ ሊዲያ ያን ሸርጣን። ዘውዴ ከቀሚሷ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ እጇን ቆቡ ውስጥ ከተተች፤ ትንሽ ቆየችና አወጣች። "አለቀ" አልሁ።

"አላለቀም" አለች ዘውዴ። "የእርስዎ ዕቃ የታለ?"

"የእኔ ምን?"

"ዕቃዎ። ዕጣ ነው አላሉም?"

ግርማ፣ "እማዬ፣ ጉዞው እኮ የእሳቸው ነው፤ ዕጣው አብሮ ለሚሄደው ነው" አላት።

"እሳቸውን ነው የጠየቅሁት" አለችና ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን አላነሣችም። "የምሕረት እናት፣ ያ ሆቴል ፎቅ ብቻ ነበር? እርስዎ ከላይ ያነጠፉትን አንሶላ ከምድር በታች ያጠብኩት እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት። እርስዎ በኋላ በር ገብተው ወደ ላይ ወጡ፤ ቢያንስ መስኮት ነበረዎ። እኔ በዚያው በር ገብቼ ወደ ታች ወረድሁ። ጡረታ ስወጣ ፖስታ የሰጠኝ የለም፤ ልጄን አልወቅስም፣ ያኔ አልነበረውም። በፊት በር መግባት ያማረዎ እርስዎን ብቻ ነው? ፍርድ አውቃለሁ ይላሉ። ይፍረዱ።"

ዓመት ሙሉ ሶፋው ጥግ ሆና ቤተ መንግሥቱን ስታይ ምን እንደምታይ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሆቴል ውስጥ ሠርተን ነበር፤ እኔ ግን "ላውንደሪ ሥራ ይቀላል፣ ቁጭ ይባላል" እያልሁ ስከራከራት ኖሬያለሁ። ልጄ ምሕረት፣ "እማ፣ እንዳታስቢው" አለችኝ። ምሕረት ስትከለክለኝ ነው ነገሩ ልክ መሆኑን ያወቅሁት።

ቦርሳዬን ከፈትሁ። ያን ባጅ አወጣሁ። "ፈረድሁ" ብዬ ቆቡ ውስጥ ጣልሁት። "ሁለት ይወጣል፤ የወጡት ይሄዳሉ። ያልወጣ ቤቱን ይጠብቃል።"

ጣቶቼ ባጁን እንደለቀቁት ያ ሸርጣን ትዝ አለኝ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። እኔ የቆፈርሁት ደግሞ ጥልቅ ነው፤ ሰነፍ ሆኜ አላውቅማ።

ዕጣ የሚያወጣ ገለልተኛ ሰው አስፈለገ። እግዜር ሲያመቻች፣ በየሳምንቱ ፓኬጅ የሚያመጣልን ፀጉሩ የሸበተ ግዙፍ ሰውዬ ደጃችን ቆመ። ማስክ አድርጓል፣ የሥራ ጓንት አጥልቋል። ሊዲያ ነገሩን አስረዳችው። ሰውየው ቆቡን በጥርጣሬ አየው።

"የሚናከስ ነገር የለበትም?" አለ።

"የለበትም" አለችው።

"እኔ እዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖሬ ለራሴ አንድ ቀን ቀንቶኝ አያውቅም። ለእናንተ ከቀናችሁ እኔን እንዳትረሱ" አለና እጁን ከተተ።

አንድ ጊዜ ነው የከተተው። ሸርጣኑን ጨብጦ አወጣው፤ እኔው ባዘዝሁት መሠረት። ከዚያ እጁን አራገፈ። አሁንም አራገፈ። ጓንቱ አውራ ጣት ላይ የዘውዴ መርፌ ቁልፍ ተንጠልጥላለች።

"የሚናከስ የለበትም ብላችሁኝ" አለ።

ሁለት ተፈለገ፣ ሁለት ወጣ። ባጄ ቆቡ ታች ተኝቷል፤ ስሜ ወደ ላይ።

ግርማ "ይደገም" አለ። ምሕረት "ይሄማ አይሆንም" አለች። ሊዲያ እንባዋ መጣ። እኔ ደግሞ አፌ ከእኔ ቀድሞ፣ "ዕጣ አይደገምም" አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር በየፋሲካው ስለምለው ያለ እኔ ፈቃድ ራሱ ይወጣል። አዲሱን ጫማዬን አውልቄ ሣጥኑ ውስጥ መለስሁት።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተፋጠጥሁ። ሸርጣኑን ያስመረጥኋት እኔ ነኝ ብዬ ብናገር ዕጣው ይፈርሳል። ቢፈርስ ደግሞ ሰው ምን ይላል? ብታጣው ጊዜ አፈረሰችው። ዝም ብል ሊዲያ ትሄዳለች፣ የምወዳት ልጅ ቤተ መንግሥት ታያለች፤ ግን በሚቀጥለው ፋሲካ በምን ዓይኔ ሥጋ እመድባለሁ? ሊዲያ መጥታ፣ "እማማ፣ የኔን ውሰጂ፣ እኔ ያንግ ነኝ፣ ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ" ስትለኝ ባሰብኝ። ዘውዴ ደግሞ ያሸነፈ ሰው አትመስልም። እኔ ትፎክርብኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ስጠብቅ ሳህኗን እየገፋች ትነሣለች። ለመልሴ አዘንሁ፤ ጥሩ መልስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዬን አስቀመጥሁ።

"ሸርጣኑን እኔ ነኝ ያስገባሁት" አልሁ። "ትልቅ ዕቃ ቀድሞ እጅ ይገባል ብዬ ነው። ልጅቱ አታውቅም። ዕጣው ፈርሷል። የእኔም ድርሻ በሕጌ መሠረት ተወርሷል፤ ዳግመኛ ዕጣ ውስጥ አልገባም። እትዬ ዘውዴ በንጹሕ ስለወጡ ቦታቸው የእሳቸው ነው።"

ምሕረት አፏን ያዘች። ግርማ ሳቁን ሊውጥ ብሎ ትን አለው። የሁላችንም ዓይን ዘውዴ ላይ አረፈ። ዘውዴ ውኃዋን ጠጣች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ክፍት ነበር" አለች።

"ምኑ?"

"መርፌው። ቆቡ ውስጥ ከፍቼ ነው የተውሁት። የሚያወጣው ሰው እጅ ላይ ይያዝልኝ ብዬ።"

ለካ እጇ ቆቡ ውስጥ የቆየው ለዚህ ነው። እኔ የሥጋ መደብ በዓይኔ የምመዝን ሴት ክፍት መርፌ አመለጠኝ። ደግሞም እኮ ብልሃቱ ከእኔ ይበልጣል። እኔ በግዙፍነት ተማመንሁ፣ እሷ በሹልነት።

"እርስዎ ነዎት እንዴ ይፍረዱ ያሉኝ?" አልኳት።

"እርስዎ ነዎት እንዴ ዶሮ ያበሉት?" አለችኝ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ሳቃችን ግን ምግቡን አቀዘቀዘው።

ሊዲያ ተነሣች። የሕግ ትምህርት ልትጀምር ነው፤ እጇን እያወራጨች መናገር ከአሁኑ ለምዳለች።

"ኦኬ። ስሙ። ሁለታችሁም ቺት አድርጋችኋል። በእማማ ሕግ ሁለታችሁም አውት ናችሁ። ክሊፑ የኔ ስለሆነ እኔም አውት ነኝ። ማሚና ዳዲ ሥራ ስላላቸው አይሄዱም።"

"እኔ እሄዳለሁ" አለ ግርማ።

"ዳዲ፣ ፕሊስ። አሁን ቅጣት ነው የምናገረው። እማማና እቴቴ ዘውዴ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ጎን ለጎን፣ አውሮፕላን ላይ፣ ያን ሁሉ ሰዓት። ትርጉም የለም፣ እኔ የለሁም። እማማ እቴቴን ትጠብቃለች፣ እቴቴ እማማን ትጠብቃለች። ሌባ የሚጠብቀው ሌባ ነው።"

"ይህ ቅጣት ነው?" አለች ምሕረት።

"ሰባት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ" አለች ሊዲያ። "ቅጣት ነው።"

ከዚያ በላይ ትክክለኛ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም። ይግባኝ አላልሁም። ዘውዴም አላለች፤ ቀስ ብላ ግን፣ "ደግሞ ከሊዲያ ጋር ብሄድ፣ ሰልፍ የሚጥስ ቢመጣ ማን ይደርስልን ነበር? እርስዎ እጅ አለዎት" አለችኝ።

አሁን ዝግጅት ላይ ነን። ሊዲያ ቤተ መንግሥቱ ለጎብኚ መቼ እንደሚከፍት በየሳምንቱ ቼክ ታደርጋለች። ለአየር ማረፊያው ዊልቸር ይታዘዝ ተባለ፤ እኔ እግር እያለኝ የታመመ ሰው ወንበር አልወስድም ብዬ እምቢ አልሁ። ዘውዴ፣ "እኔ እቀመጣለሁ፣ እርስዎ ይግፉኝ፤ ጋሪ መግፋት ለምደው የለም ወይ" አለች። እያሰብሁበት ነው። ስንመለስ እሷ የምትገፋኝ ከሆነ እስማማለሁ።

የእጅ መንሻውም ተገኘ። ነጭ ፎጣ ነው። ዘውዴ በራሷ መንገድ አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደ ወረቀት እስኪንኳኳ ትተኩሰዋለች፤ እኔ ለክብር እንግዳ አልጋ ላይ እሠራው እንደነበረው አንገተ ረጅም ወፍ አድርጌ አጥፈዋለሁ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ብዙ ነገር ይኖራል፤ ሁለታችን የሠራነው ፎጣ ግን የለም። ባይቀበሉን እንኳ በሩ ላይ አስቀምጠን እንገባለን። ለአሥራ ስምንትና ለሃያ ሁለት ዓመት ያለ ስም ስንሰጥ ኖረን የለም?

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በሩን ቀድሞ የሚረግጥ ማን ነው የሚለው። እኔ በዕድሜ አንድ ዓመት እበልጣለሁ፤ እሷ ደግሞ ከምድር በታች ስለነበረች የመጣችበት መንገድ ይረዝማል። ሁለቱም ሚዛን ይደፋል። ዕጣ እንጣል አላልንም፤ ማን ያምነናል? ስለዚህ እኩል፣ ትከሻ ለትከሻ እንግባ ተባባልን። ሊዲያ በቴሌቪዥኑ የበሩን ስፋት አቁማ አሳየችን፤ ሠረገላ ያስገባል።

ትናንት ከምሳ በኋላ በእኛው ቤት የፊት በር ተለማመድን። ካፖርታችንን ለበስን፣ ቦርሳችንን አንጠለጠልን፣ ፎጣው ወፍ በአራት እጅ ተይዟል። አንድ፣ ሁለት ብለን እኩል ገባን፤ ማለት ልንገባ ስንል የሄንደርሰን በር ለሁለት አያት የተሠራ አይደለምና እመሃል ላይ ተያዝን። ወደፊትም አንሄድ፣ ወደኋላም አንመለስ። "ግራ ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ" ትላለች፤ "እርስዎ ሆድዎን ይሳቡ" እላለሁ። በዚህ መሃል ያ ፓኬጅ አምጪ ሰውዬ መጣ። ዕቃውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመና አየን።

"መግባት ነው መውጣት?" አለ።

እኔ ገና እንግሊዝኛዬን ስፈልግ ዘውዴ ቀደመችኝ። አንገቷን ማዞር ስላልቻለች በሩን እያየች፣ ጣቷን ብቻ ወደ ኋላ ቀስራ ክትባት ሰልፍ ላይ ከእኔ የሰማችውን እንግሊዝኛ መለሰችለት። "ይቅርታ፣ ኋላ!" ከኋላችን ተሰለፍ ማለቷ ነው። ሰውየውም ተሰለፈ።